የአንድ ወር የኪሮሽ፣ የሹራብና የስፌት ሥራ በቤት ውስጥ፦ ከዝግጅት እስከ መጨረሻ

ብዙ ሰው ኪሮሽ ወይም ሹራብ ልማር ብሎ በጉጉት ክር ይገዛል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የተጀመረው ሥራ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሰዉ ሰነፍ ሆኖ አይመስለኝም። ገና ከመነሻው ሙሉ ሹራብ ወይም ቀሚስ ይመርጣል፤ ስህተት ሲመጣ ደግሞ እንዴት እንደሚመለስ የነገረው የለም።

ስለዚህ እዚህ ያሉት አራት ሥራዎች ሁሉም ትንንሽ ናቸው። የተደረደሩትም ስህተት ሲሠራ ለማረም ባላቸው ክብደት ነው። የእጅ ስፌት ከተበላሸ ክሩን በጥሳችሁ እንደገና ትሰፋላችሁ። ኪሮሽ ላይ ክፍት የሚሆነው አንድ ቀለበት ብቻ ስለሆነ ክሩን ስቦ መተርተር ነው። ሹራብ ላይ በመርፌው ያሉት ቀለበቶች ሁሉ ክፍት ስለሆኑ መተርተር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጨርቅ ግን አንዴ በመቀስ ከተቆረጠ አለቀ። ለዚህ ነው የትራሱ ልብስ መጨረሻ ላይ የመጣው።

የወሩ አከፋፈል

- ከቀን 1 እስከ 2፦ ዝግጅት
- ከቀን 3 እስከ 7፦ የእጅ ስፌት (ቁልፍ መትከልና የተተረተረ ልብስ መጠገን)
- ከቀን 8 እስከ 14፦ ኪሮሽ (የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ)
- ከቀን 15 እስከ 23፦ ሹራብ (ጆሮ የሚሸፍን የራስ ማሰሪያ)
- ከቀን 24 እስከ 28፦ ስፌት (የትራስ ልብስ)
- ቀን 29 እና 30፦ ማጠናቀቂያና ማካካሻ

በቀን 45 ደቂቃ ይበቃል። አንዱን ሳትጨርሱ ሌላውን አትጀምሩ። ሁለት የተጀመሩ ሥራዎች ካሏችሁ የሚቀረው ሁልጊዜ የከበደው ነው።

## ደረጃ 1፦ ዝግጅት (ቀን 1 እና 2)

1. ክሩን ምረጡ። መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ለስላሳ፣ ፈካ ያለ ቀለም ያለው ክር ያዙ። ጥቁር፣ ሰማያዊ ጥቁርና ጸጉራም ክር ለጀማሪ አይሆንም፤ ቀለበቱ አይታይም፣ ያልታየ ቀለበት ደግሞ አይቆጠርም። ለማጠቢያው ጨርቅ የጥጥ ክር፣ ለራስ ማሰሪያው አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ወይም ሱፍ ይሁን።

2. ወረቀቱን አንብቡ። በክሩ ጥቅል ላይ ያለው ወረቀት የሚመከረውን የመርፌ ውፍረት፣ የአስተጣጠቡን ምልክትና ክሩ አብሮ የተነከረበትን ቁጥር ይነግራችኋል። ከአንድ ጥቅል በላይ የምትገዙ ከሆነ የመንከሪያ ቁጥራቸው አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ዓይን ሱቅ ውስጥ አንድ ነው ያለው ቀለም ቤት ሲሠራ መሃሉ ላይ መስመር ሊያወጣ ይችላል። ወረቀቱን አትጣሉት።

3. መሣሪያዎቹን አሰናዱ።

- 5 ሚሊ ሜትር የኪሮሽ መርፌ
- 5 ሚሊ ሜትር የሹራብ መርፌ፣ አንድ ጥንድ
- የልብስ ስፌት መርፌዎችና ጫፉ ደነዝ የሆነ፣ ቀዳዳው ሰፊ አንድ መርፌ (የክር ጫፍ ለመደበቅ)
- ሜትር፣ ማስመሪያ፣ ጠመኔ፣ እስፒል፣ አምስት ያህል መርፌ ቁልፍ
- ጨርቅ ብቻ የሚቆርጥ መቀስ

መቀሱ ላይ አትደራደሩ። ወረቀት የቆረጠ መቀስ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ጨርቁን መቁረጡን ትቶ ያኝከዋል።

4. የትራሱን ጨርቅ ዛሬውኑ እጠቡት። አንድ ሜትር መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ የማይለጠጥና የማያንሸራትት የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ያልታጠበ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ቢሰበሰብ ትራሱ አይገባበትም። ወደፊት በምታጥቡበት ሙቀት እጠቡት፣ አድርቁት፣ አጥፋችሁ አስቀምጡት።

5. መርፌዎቻችሁን ቁጠሩ። ቁጥሩን በመርፌ ማስቀመጫው ክዳን ላይ ጻፉና ሥራ ባቆማችሁ ቁጥር ቁጠሩ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ይህ ቀልድ አይደለም። የጠፋውን መርፌ በማግኔት ፈልጉ፤ በእጅ ምንጣፍ አትዳብሱ።

## ደረጃ 2፦ የእጅ ስፌት (ከቀን 3 እስከ 7)

ቁም ሳጥኑን ክፈቱና ቁልፍ የወደቀባቸውን ወይም ስፌታቸው የተፈታ ሦስት ልብሶች አውጡ። አዲስ ነገር መስፋት የለም። ልብሱ ቀድሞውንም የተበላሸ ስለሆነ እጃችሁ ያለ ፍርሃት ይለማመዳል።

ክሩን ማዘጋጀት

1. ክሩን 50 ሴ.ሜ. ያህል ቁረጡ። ለቁልፍ ግን ታጥፎ ድርብ ስለሚሆን እጥፍ ይሁን። ከዚያ የረዘመ ክር ይጠላለፋል፤ ጊዜ ቆጠብን ስትሉ ቋጠሮ በመፍታት ታባክኑታላችሁ።
2. ጫፉን በሰያፍ ቁረጡት። በጥርስ አትበጥሱት፤ ይበተንና በቀዳዳው አይገባም።
3. ክሩ አልገባ ካለ መርፌውን አዙራችሁ በሌላኛው በኩል ሞክሩ። የቀዳዳው አንዱ ገጽ ብዙ ጊዜ ከሌላው ይለሰልሳል።

ቁልፍ መትከል

1. የድሮውን ክር ልቀሙና ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ልብሱን ቆልፋችሁ ቁልፉ ከቀዳዳው ትክክል መሆኑን እዩ።
2. መርፌውን ከጨርቁ ውስጥ ወደ ውጭ አውጡ፤ ቋጠሮው ከውስጥ ይቅር።
3. ቁልፉ ላይ የክብሪት እንጨት አጋድሙ። ክሩ በእንጨቱ ላይ እየተሻገረ በየጥንድ ቀዳዳው አራት ጊዜ ይመላለስ።
4. እንጨቱን አውጡ። ቁልፉ ትንሽ ይላላል፤ የተፈለገውም ይኸው ነው።
5. መርፌውን በቁልፉና በጨርቁ መሃል አውጥታችሁ ክሩን በቁልፉ እግር ዙሪያ አራት አምስት ጊዜ ጠምጥሙ። ወደ ውስጥ መልሳችሁ ቋጥሩ።

እንጨቱን የዘለለ ሰው ቁልፉ ከጨርቁ ጋር ይጣበቅበታል። ሲቆለፍ ሁለተኛው ጨርቅ ቦታ ያጣና ልብሱ ይሸበሸባል።

የተተረተረ ስፌት መጠገን

የኋሊት ስፌት ተጠቀሙ። መርፌው 3 ሚሊ ሜትር ወደፊት ይወጣል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈው ስፌት ያለቀበት ቦታ ይገባል፣ ከዚያ ከስር 6 ሚሊ ሜትር ተጉዞ ይወጣል። ከላይ ሲታይ የማሽን ስፌት ይመስላል፣ ጥንካሬውም ደህና ነው። ጥገናውን ከተተረተረው ቦታ 2 ሴ.ሜ. ቀድማችሁ ጀምሩ፣ 2 ሴ.ሜ. አልፋችሁ ጨርሱ። ጫፎቹ ላይ ያለው የድሮ ክር አብሮ ላልቷል።

*ከተሸበሸበ፦* ክሩን አጥብቃችሁ ስባችኋል። ጨርቁን በሁለት ጣት ይዛችሁ በስፌቱ አቅጣጫ ቀስ አድርጋችሁ ዘርጉት። እምቢ ካለ ፍቱትና እንደገና ስፉ።

*ክሩ እየተጠማዘዘ ካስቸገረ፦* መርፌውን ልቀቁትና ተንጠልጥሎ ራሱን ይፍታ።

## ደረጃ 3፦ ኪሮሽ (ከቀን 8 እስከ 14)

የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ አራት ማዕዘን ነው። ትንሽ ቢጣመምም ዕቃ ያጥባል። ጀማሪን የሚያጠፋው የኪሮሽ ችግር ግን ሁሉም እዚህ አለ፦ ጠርዝ።

አሠራሩ

1. የሚንሸራተት ቋጠሮ ሥሩ። 15 ሴ.ሜ. የክር ጫፍ (ጅራት) ይቅር። ክሩን ስትስቡ ቀለበቱ የሚጠብና የሚሰፋ ከሆነ ትክክል ነው። የማይንቀሳቀስ ከሆነ ተራ ቋጠሮ ነው፤ ፍቱት።
2. 26 ሰንሰለት ሥሩ። ክሩን በመርፌው ላይ ጠምጥሙ፣ በቀለበቱ ውስጥ ጎትታችሁ አውጡ፤ ይህ አንድ ሰንሰለት ነው። መርፌው ላይ ያለው ቀለበት አይቆጠርም።
3. ከመርፌው ሁለተኛ በሆነው ሰንሰለት ጀምሩ። መርፌውን አስገቡ፣ ክር ጠምጥሙ፣ ጎትቱ። አሁን መርፌው ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ክር ጠምጥማችሁ በሁለቱም ውስጥ አሳልፉ። ይህ ነጠላ ስፌት ይባል።
4. እስከ መጨረሻው ሂዱ። 25 ነጠላ ማግኘት አለባችሁ። 24 ከሆነ አንድ ሰንሰለት ዘላችኋል። እዚሁ ተርትሩ፤ በኋላ ይከፋል።
5. መርፌ ቁልፍ አድርጉ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነጠላ አናት ላይ አንዳንድ መርፌ ቁልፍ ሰኩ።
6. አንድ ሰንሰለት ሥሩና ሥራውን አዙሩ። ይቺ ሰንሰለት ከፍታ ለማግኘት ብቻ ናት፣ አትቆጠርም። ቀጣዩ ነጠላ መርፌ ቁልፍ ያለበት ላይ ይገባል።
7. በየመስመሩ 25 ቁጠሩ። መስመሩ ሲያልቅ መርፌ ቁልፎቹን ወደ አዲሱ መስመር አንሡ።
8. በሰያፍ አጥፉ። አንዱን ማዕዘን ወደ ተቃራኒው አምጡ። ጠርዞቹ ሲገጥሙ አራት ማዕዘን ሆኗል፣ አቁሙ። መስመር መቁጠር አያስፈልግም።
9. ጨርሱ። ክሩን 15 ሴ.ሜ. አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ጫፉን በመጨረሻው ቀለበት አሳልፋችሁ ሳቡት።

ነጠላውን ከላይ እዩት

ከመቀጠላችሁ በፊት ሥራውን ወደ ዓይናችሁ አቅርቡ። የእያንዳንዱ ነጠላ አናት ላይ ሁለት ክሮች ተኝተው «ሀ» ፊደልን የመሰለ ቅርጽ ይሠራሉ። መርፌው በሁለቱም ክሮች ስር ነው የሚገባው። አንዱን ብቻ ካነሳችሁ ጨርቁ ላይ የመሰላል ዓይነት መስመር ይወጣል፤ ይለጠጣልም። የምትቆጥሩትም እነዚህን ቅርጾች ነው። ከጎን ሆኖ መቁጠር ግምት ነው።

ሲበላሽ

*ሥራው እየጠበበ ከሄደ፦* የመስመሩን የመጨረሻ ነጠላ እየዘለላችሁ ነው። ይህቺ ነጠላ ጠርዝ ላይ ጋደም ብላ ስለምትተኛ ቋጠሮ ትመስላለች፣ ሰው አያያትም። መፍትሔው መርፌ ቁልፉ ነው፤ ያለበት ላይ ሳትሠሩ አትዙሩ። እስከጠበበበት መስመር ድረስ ተርትሩ። በመሃል አንድ ጨምሬ ላስተካክል ማለት ጠርዙን አያቃናውም።

*እየሰፋ ከሄደ፦* የማዞሪያዋን ሰንሰለት እንደ ነጠላ ቆጥራችሁ እላይዋ ላይ ሠርታችኋል።

*ታችኛው ጠርዝ ተሰብስቦ ሥራው እንደ ማራገቢያ ከተከፈተ፦* የመነሻው ሰንሰለት ጠብቋል። ቀጥሎ ስትጀምሩ ሰንሰለቱን ብቻ በ5.5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር መርፌ ሠርታችሁ ወደ 5 ተመለሱ። እጅን ማላላት ከመማር መርፌ መቀየር ይቀላል።

*መርፌው ክሩን እየሰነጠቀ ካስቸገረ፦* የኪሮሹን አፍ ወደ ታች አዙራችሁ ጎትቱ።

የክሩን ጅራት መደበቅ። ደነዙን መርፌ ተጠቀሙ። ጅራቱን 4 ሴ.ሜ. ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ መልሳችሁ ወደ ሌላው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ወደ መጀመሪያው አሳልፉት። ቋጥሮ መቁረጥ ብቻውን አያስተማምንም። ሲታጠብ ቋጠሮው ይንሸራተታል።

ሳምንቱ ሳያልቅ ከጨረሳችሁ ሁለተኛ ጨርቅ ሥሩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚሻል ስታዩ ትስቃላችሁ።

## ደረጃ 4፦ ሹራብ (ከቀን 15 እስከ 23)

ለምን ሻርፕ አይሆንም የሚል ይኖራል። ሒሳቡን እንሥራ። 10 ሴ.ሜ. ስፋት፣ 50 ሴ.ሜ. ርዝመት ያለው የራስ ማሰሪያ 18 ቀለበት በ170 መስመር፣ በድምሩ 3,060 ስፌት ይሆናል። ጀማሪ በደቂቃ 15 ቢሠራ ከሦስት ሰዓት ተኩል ያልበለጠ ነው። 20 ሴ.ሜ. ስፋትና አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ሻርፕ ግን ከ18,000 በላይ ስፌት አለው። ያ በተመሳሳይ ፍጥነት 20 ሰዓት ነው። ሻርፕ ለጀማሪ ይቀላል የሚባለው አሠራሩ እንጂ ትዕግሥቱ አይደለም።

ሀ. ቀለበቶቹን መርፌው ላይ መጫን

1. የሚንሸራተት ቋጠሮ ሠርታችሁ ግራ መርፌ ላይ አድርጉ።
2. የቀኙን መርፌ በቀለበቱ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ። ክሩን በቀኙ መርፌ ዙሪያ ጠምጥሙ፣ ጎትታችሁ አዲስ ቀለበት አውጡ።
3. አሮጌውን ቀለበት አትጣሉት። አዲሱን ወደ ግራ መርፌ መልሳችሁ ጫኑት። አሁን ሁለት ሆኑ።
4. በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ እየገባችሁ ድገሙ።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። ይህኛውን የመረጥኩት እንቅስቃሴው ቀጥሎ ከምትሠሩት ስፌት ጋር አንድ ስለሆነ ነው። አንድ ነገር ተምራችሁ ሁለት ጊዜ ትጠቀሙበታላችሁ።

ለ. ስፌቱ

አስገቡ፣ ጠምጥሙ፣ ጎትቱ፣ ጣሉ። ከላይ ካለው የሚለየው መጨረሻው ብቻ ነው፦ አዲሱ ቀለበት ቀኝ መርፌ ላይ ይቀራል፣ አሮጌው ከግራው ይወርዳል። ግራው ባዶ ሲሆን መርፌዎቹን እጅ ለእጅ አቀያይሩ። ይህንን ብቻ በየመስመሩ ስትደጋግሙ ሁለቱም ገጹ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ጠርዙ የማይጠቀለል ጨርቅ ይወጣል።

ሐ. ናሙና

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው። አትዝለሉት።

1. 26 ቀለበት ጭናችሁ ቁመቱ 14 ሴ.ሜ. እስኪሆን ሥሩ።
2. ጠረጴዛ ላይ ሳትለጥጡ ዘርጉት።
3. መሃሉ ላይ ማስመሪያ አጋድሙና በ10 ሴ.ሜ. ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ቁጠሩ። ጠርዙን አትለኩ፤ ጠርዝ ይዋሻል።
4. ያገኛችሁት ቁጥር ራሱ ለራስ ማሰሪያው የምትጭኑት ነው። 17 ከሆነ 17፣ 20 ከሆነ 20።

ለትልቅ ልብስ ግን ልዩነቱ ዋጋ ያስከፍላል። በ10 ሴ.ሜ. 20 ቀለበት ተብሎ በተጻፈ መመሪያ 200 ቀለበት ብትጭኑ 100 ሴ.ሜ. ዙሪያ ይጠበቃል። የእናንተ እጅ 22 የሚሠራ ከሆነ የሚወጣው 91 ሴ.ሜ. ነው። ሹራቡ ጠበበኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ወፍራም መርፌ ውሰዱና ናሙናውን ድገሙ።

መ. የራስ ማሰሪያው

1. ጭንቅላታችሁን በግንባርና በጆሮ ላይ አዙራችሁ ለኩ። 5 ሴ.ሜ. ቀንሱ። ሹራብ ስለሚለጠጥ በልኩ ከተሠራ ወደ ዓይን ይወርዳል።
2. በናሙናው ቁጥር ጭናችሁ ያ ርዝመት እስኪሞላ ሥሩ።
3. በየአምስት መስመሩ ቀለበቶቹን ቁጠሩ። ስህተት አምስት መስመር ላይ ሲገኝ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሃምሳ መስመር ላይ ሲገኝ ያስለቅሳል።
4. ሲነሡ ሁልጊዜ መስመሩን ጨርሱ። መሃል ላይ ማቆም ግድ ከሆነ ስትመለሱ ክሩ የተንጠለጠለበትን መርፌ በቀኝ እጅ ያዙ። በግራ ከያዛችሁት ወደ ኋላ ትሠራላችሁ፣ ቀዳዳም ይፈጠራል።
5. ለመዝጋት ሁለት ስፌት ሥሩ። በግራ መርፌ ጫፍ የመጀመሪያውን አንሥታችሁ በሁለተኛው ላይ አሳልፋችሁ ጣሉት። አንድ ሥሩ፣ እንደገና አሳልፉ። አላልታችሁ ሥሩ።
6. 40 ሴ.ሜ. ክር አስቀርታችሁ ቁረጡና በዚያው ክር በደነዙ መርፌ ሁለቱን ጫፎች ገጥማችሁ ስፉ።

ሲበላሽ

*ቀለበቱ 18 የነበረው 19፣ 20 ከሆነ፦* መስመሩ መጀመሪያ ላይ ክሩን በመርፌው አናት ወደ ኋላ ወርውራችሁታል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ቀለበት ተጎትቶ ሁለት እግሩ ይታያልና እንደ ሁለት ትሠሩታላችሁ። ሥራውን ካዞራችሁ በኋላ ክሩ በመርፌው ስር አልፎ ከኋላ መሆኑን እዩ።

*ቀለበት ካመለጠ፦* አትጎትቱ፣ አትነሡ። መጀመሪያ መርፌ ቁልፍ ሰክታችሁ ካለበት እንዳይወርድ ያዙት። ከዚያ ተረጋጉ። ከቀለበቱ በላይ እንደ መሰላል የተዘረጉ ክሮች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ክር አንድ የወረደ መስመር ነው። የኪሮሹን መርፌ ቀለበቱ ውስጥ አስገብታችሁ ቅርቡን ክር ጎትቱ፣ ቀጥሎ ያለውን፣ እያላችሁ ውጡ። በዚህ ጨርቅ ላይ አንዱ ክር ከፊት፣ ቀጣዩ ከኋላ ነው የሚጎተተው። ስለዚህ በየእርምጃው ሥራውን አዙሩት። ከጎኑ ያለውን ደህና ስፌት እያያችሁ አመሳስሉ።

*ጥቂት ስፌት ብቻ ተሳስታችሁ ከሆነ፦* መርፌውን አታውጡ። ግራውን መርፌ ከቀኙ ቀለበት በታች ባለው ቀለበት አስገብታችሁ አንድ በአንድ ፍቱ። ያዘግማል፣ ግን አንድም ቀለበት አይጠፋም።

*አንጓችሁ ወይም አውራ ጣታችሁ ከታመመ፦* አቁሙ። ከዚያ በኋላ በየ20 ደቂቃው እጃችሁን ዘርጉ። ሕመም ይዞ ሥራውን መቀጠል ሳምንት ያሳርፋል።

## ደረጃ 5፦ የትራስ ልብስ (ከቀን 24 እስከ 28)

ዚፕ የለውም። ከኋላ ሁለት ቁራጭ ተደራርበው ይዘጉታል።

ልኩ

ትራሱን ለኩ። 45 በ45 ሴ.ሜ. ነው እንበል።

- ፊት፦ በቁመቱም በወርዱም 3 ሴ.ሜ. ጨምሩ፣ 48 በ48
- ጀርባ፣ ሁለት ቁራጭ፦ ቁመታቸው 48። ወርዳቸው የትራሱ ግማሽ ሲደመር 10.5 ሴ.ሜ. ነው፣ ማለትም 33

10.5 ከየት መጣ? 6 ለመደራረብ፣ 1.5 ለስፌት፣ 3 ለቅምቅማት። ትራሳችሁ ሌላ ልክ ካለው በዚሁ አስሉ።

መቁረጥ

1. የታጠበውን ጨርቅ ተኩሱ። የተጨማደደ ጨርቅ ላይ የተለካ ልክ ልክ አይደለም።
2. ዳሩን አጠገብ አንድ ክር መዝዛችሁ አውጡ። በወጣበት የሚታየው መስመር ቀጥታችሁ ነው። የጨርቁ ሽመና ጠሞ ከተቆረጠ ትራሱ ከታጠበ በኋላ ይዞራል።
3. በማስመሪያና በጠመኔ ሦስቱንም ቁራጭ ሣሉ። አሁን አንዱን እንኳ አትቁረጡ።
4. በየቁራጩ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ማዕዘኑ ጠሟል።
5. ቁጥሮቹን ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚባለው ለዚህ ነው። ቁረጡ።

ማሽኑን መፈተሽ

በቁርጥራጭ ጨርቅ ሞክሩ፤ ከላይና ከታች የተለያየ ቀለም ክር ይሁን። የስፌቱን ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር አድርጉ። የታችኛው ክር ቀለም ከላይ ነጥብ ነጥብ እያለ ከታየ የላዩ ክር ጠብቋል፣ አላሉት። አዲስ መርፌ ክተቱ፤ ለዚህ ጨርቅ ቁጥር 80 ወይም 90 ይሆናል። መርፌ ስትቀይሩ ማሽኑ ይጥፋ።

ማሽን ከሌላችሁ ደረጃ 2 ላይ በተማራችሁት የኋሊት ስፌት ይሰፋል። አምስቱን ቀን ይፈጃል እንጂ ይቻላል።

መስፋት

1. የእያንዳንዱን ጀርባ አንድ ረጅም ጠርዝ ቀምቅሙ፦ ወደ ውስጥ 1 ሴ.ሜ. እጠፉና ተኩሱ፣ እንደገና 2 ሴ.ሜ. እጠፉና ተኩሱ፣ በእጥፋቱ ዳር ስፉ።
2. ፊቱን ያማረው ገጹ ወደ ላይ ሆኖ ዘርጉ።
3. ሁለቱን ጀርባዎች ያማረው ገጻቸው ወደ ታች ሆኖ ደርቡበት። የተቀመቀሙት ጠርዞች መሃል ላይ ይሁኑ፣ 12 ሴ.ሜ. ይደራረቡ።
4. ዙሪያውን እስፒል ሰኩ። ጭንቅላታቸው ወደ ውጭ ይሁን፣ ማሽኑ ሳይደርስባቸው ንቀሏቸው። እስፒል ላይ የሰፋ ማሽን መርፌው ተሰብሮ ወደ ፊታችሁ ሊዘል ይችላል።
5. ከጠርዝ 1.5 ሴ.ሜ. ገብታችሁ ዙሪያውን ስፉ። ሲጀመርና ሲያልቅ ሦስት ስፌት ወደ ኋላ ተመለሱ። ማዕዘን ላይ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ የማሽኑን እግር (ጨርቁን የሚጫነውን) አንሡ፣ ጨርቁን አዙሩ፣ እግሩን መልሱ።
6. ጀርባዎቹ በተደራረቡበት ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ስፉ። ትራሱ ሲገባና ሲወጣ የሚሰቃየው ይህ ነው።
7. የማዕዘኖቹን ጫፍ በሰያፍ ቁረጡ፤ ከስፌቱ 3 ሚሊ ሜትር ይቅር። ስፌቱን ከነካችሁ ማዕዘኑ ይቀደዳል።
8. የተቆረጠውን የጨርቅ ጠርዝ በዚግዛግ (ወዲያና ወዲህ በሚመላለስ ስፌት) ስፉ። ገልብጡ። ማዕዘኑን በደነዝ ነገር ግፉት፣ በመቀስ ጫፍ አይደለም። ተኩሱ።

ሲበላሽ

*ከስር ክር ተሰብስቦ ከተወታተበ፦* ሁሉም ሰው ቦቢኑን (የታችኛው ክር የተጠመጠመበትን) ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላዩ ክር ነው፤ የማሽኑ ክር ማጥበቂያ ውስጥ አልገባም። የማሽኑን እግር ወደ ላይ አንሥታችሁ ክሩን ከመነሻው እንደገና አስገቡ። እግሩ ወርዶ ከሆነ ማጥበቂያው ስለተዘጋ ክሩ አይገባበትም።

*ስፌት እየዘለለ ከሄደ፦* መርፌው ደንዝዟል ወይም ተገልብጦ ገብቷል። ቀይሩት።

*ልብሱ ከሰፋ፦* ቀላል ነው። ግልብጥ አድርጋችሁ ግማሽ ሴ.ሜ. ገብታችሁ ሌላ መስመር ስፉ።

*ከጠበበ፦* ስፌቱን ፍቱና 1 ሴ.ሜ. ብቻ ገብታችሁ መልሳችሁ ስፉ፤ በየአቅጣጫው 1 ሴ.ሜ. ታገኛላችሁ። ከዚያም ካልገባ ትንሽ ትራስ ፈልጉለት።

## ደረጃ 6፦ ማጠናቀቂያ (ቀን 29 እና 30)

1. የቀሩትን የክር ጅራቶች ሁሉ ደብቁ። ነገ የሚባለው ጅራት አይደበቅም።
2. የራስ ማሰሪያውን ለብ ባለ ውሃ ንከሩ፣ ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጨምቁ፣ በልኩ ዘርግታችሁ አድርቁ። ሱፍ ከሆነ ሙቅ ውሃና ማሸት አያይም፤ ይኮማተርና ይጠጥራል፣ አይመለስም። በገመድ ላይ አታንጠልጥሉት፤ በክብደቱ ይለጠጣል።
3. አክሪሊክ ላይ ካውያ አታሳርፉ። ይቀልጣል ወይም ጠፍጥፎ ይቀራል።
4. የማጠቢያውን ጨርቅ አንዴ እጠቡና ጅራቱ ወጥቶ እንደሆነ እዩ። ከወጣ መልሳችሁ አስገቡ።
5. ወደ ኋላ ቀርታችሁ ከሆነ ሁለቱን ቀን ለሹራቡ ስጡ። ትራሱን ለሚቀጥለው ወር አሳልፉት፤ ጨርቁ ታጥቦ፣ ታጥፎ ይቆያል። በጥድፊያ ብቻ አትቁረጡት።